ድንጋይ ያጠበ አጃ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦

እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጅህስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ልጄ ደህና አይደለም።

ያመጣህልኝ የአጃ ዱቄት ከረጢት አፉ ታስሮ ጓዳ ተቀምጧል። ለዶሮ እንኳ ልበትነው እጄ አልሄደም።

ሐኪሟ ልጄ ስንዴ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ ስትከለክል፣ አጃስ ይሆነዋል ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ለብዙዎቹ ይስማማል፣ ለአንዳንዱ አይስማማም፤ ግን ከማሳው እስከ ወፍጮው ስንዴ ያልነካው ይሁን፣ በትንሹ ጀምረሽ ሆዱን ተከታተይ አለችኝ። ይህን ስነግርህ ደረትህን ነፍተህ፣ ወፍጮ ያለው አጎት እያለው ምን አስጨነቀሽ አልከኝ። ያንተም ልጅ ስንዴ አይስማማትም፤ ከዘራችን ነው መሰለኝ። እሷም ይህንኑ በልታ ነው ጉንጭ ያወጣችው ስትለኝ ምን ልበል? ከረጢቱን ራስህ ተሸክመህ አመጣህልኝ። የሚስቅ ሕፃን ተስሎበት፣ ከሥሩ «ለአለርጂ ልጆች፣ ንጹሕ አጃ» ይላል።

ልጄ መጀመሪያ ሆዱ ተነፋ። ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ ተከተለ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። የአጃውን ገንፎ ላቁምለት ወይ ብዬ ስደውልልህ ሳቅክብኝ። አጃው ምን አደረገ፣ ልጅሽ ከጓደኞቹ ዳቦ እየቀማ ነው፣ አንቺስ በልጅነትሽ የጎረቤት ዳቦ መች ይተርፍሽ ነበር፣ የእናቱ ልጅ አይደል አልከኝ። አመንኩህ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኪሱን ፈተሽኩ፣ አፉን አሸተትኩ። እያለቀሰ አልበላሁም ሲለኝ ያንተን ገንፎ ሳህን ሙሉ አቀረብኩለት።

ባለፈው ሳምንት ዱቄት ልጨምር ወፍጮ ቤትህ መጣሁ። አንተ አልነበርክም። ፈጪህ ስንዴ ጨርሶ፣ እጁ ላይ አስነጥሶ፣ በዚያው እጁ የአጃ ባልዲ አንስቶ ወፍጮው ውስጥ ጨመረ። የዱቄቱ መውጫ ዙሪያውን አሮጌ ዱቄት ጋግሮበታል፤ ነቀዝ ይርመሰመስበታል። ምን እያደረግህ ነው አልኩት። የወፍጮውን ድንጋይ እያጠብኩ ነው እትዬ፣ በውኃ አይታጠብ ነገር፣ አጃው የስንዴውን ትራፊ ጠርጎ ይወጣል አለኝ። ያጠበውስ የት ይደፋል አልኩት። እንደ ሞኝ አየኝ። ጋሼ እህል ሲደፋ አይወድም አለና የሚስቀውን ሕፃን ከረጢት ከመውጫው ሥር ደቀነ።

ዱቄቱን ሳልወስድ ወጣሁ። እንደዚያው ቤትህ ሄድኩ፤ ምናልባት አታውቅም ይሆናል ብዬ። ይህን በመንገዴ ሁሉ ለራሴ ስነግረው ነበር፤ ወንድሜ አያውቅም።

ባለቤትህ ሻይ አቀረበችልኝ፤ አንተን ለመጠበቅ ተቀመጥኩ። ልጅህ ለአክስቴ ገንፎ ላብስልላት ብላ፣ በሩ ሥር ከደረደርካቸው፣ የሚስቀው ሕፃን ካለባቸው ከረጢቶች የአንዱን አፍ መፍታት ጀመረች። ባለቤትህ ስኒዋን ጥላ ሮጠች። እጇን መታቻትና፣ ይሄ የሽያጭ ነው፣ ስንቴ ነው የምነግርሽ አለቻት። ጎትታ ወስዳ በሳሙና አጠበቻት፤ ደገመቻት፤ ጥፍሯን ሳይቀር ፈተገቻት። ስትመለስ ዓይኔን አላየችም። ሻይ ልጨምርልሽ አለችኝ። እኔም በቃኝ አልኳት፤ አልጠበቅኩህም።

ልጄ ገንፎውን ካቆመ ወዲህ ሆዱ እየረጋ ነው። ትናንት ሩዝ በልቶ ድገሚኝ አለኝ። ኪሱን መፈተሽ ትቻለሁ፤ እሱ ግን አሁንም በር ላይ ቆሞ፣ ሳልጠይቀው አፉን ይከፍትልኛል።

ሐኪሟ፣ ሲበረታ ስንዴ ያልነካው አጃ ካገኘሽ እንደገና እንሞክርለታለን ብላኛለች። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፦ የልጅህን አጃ የምትገዙት ከየት ነው?

ጉንጯን ሳምልኝ። እሷን ያሳድግልህ፤ የሰውንም ልጅ ያሳድግ።

የእናትህ ልጅ