በግራ በኩል ያለው ቦታ

ዳንሞር፣ ኦንታሪዮ
ፌብሩዋሪ 9

ለምትናፍቀኝ ልጄ ለከርቲስ፣

እንደምን ከረምክ? የሃሊፋክስ ንፋስ እንዳይጎዳህ ከውስጥ ወፈር ያለ ነገር ልበስ። እኛ ጤና ነን። ውርጩን ግን ዘንድሮ አልቻልነውም፤ መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ አባትህን ያናድደዋል።

የሚያናድደው መኪናው ብቻ ቢሆን በወደድኩ። የሚያሰለጥነው የሆኪ ቡድን ከፍቷል። ተጋጣሚዎቻችን ሰው ተቀጥቶባቸው በአንድ ሰው ስንበልጣቸው እንኳ ጎል ማግባት አቅቶናል። አንተ እያለህ፣ ዳኛው ከእነሱ አንዱን አስወጥቶ ቅጣት ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጠው ሰዉ ጎሉ ሳይገባ ገና ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። አሁን ቡና ሊገዛ የሚወጣው ያኔ ነው። በርናዴት ሱቅዋ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን አለችኝ መሰለህ፦ "ኖሪን፣ ለባልሽ ለላይል ንገሪው፤ ቅጣቱን አንፈልግም ይበልና እኩል ለእኩል እንጫወት።" ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ ግን የሚሳቅ አልነበረም። ተከላካያቸው የእኛን ማርሴልን ፊቱን በዱላ መትቶት ረጅሙን ቅጣት ተቀጣ። አምስት ደቂቃ ሙሉ በሰው በልጠናቸው በረኛቸውን አንዴ እንኳ አላስጨነቅነውም። ከኋላዬ "ላይል ይውጣ፣ ላይል ይውጣ" ማለት ጀመሩ። የአባትህን ማጅራት ከላይ ሆኜ አየዋለሁ። አልዞረም። ቀላ ብቻ።

ሰዉ ልጆቹ ሰንፈዋል ይላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ያቺን ጥቁር ጎማ፣ ፓኳን፣ ሁልጊዜ የሚያቀብሉት ወደ ግራ ነው፤ አንተ ቆመህ ወደምትመታበት ቦታ። አባትህ አሁን እዚያ ያቆመው ማርሴልን ነው። ልጁ ደግሞ ዱላውን የሚይዘው ከአንተ በተቃራኒው ነው፤ ፓኳን አቁሞ፣ አዙሮ እስኪመታ በረኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ረዳቱ ዴኒስ ከገና ጀምሮ "በቀኝ ላቁመው" እያለ ቢለምነው፣ "ዋንጫ የበላነው በዚህ ነው" ይለዋል።

ያንን ዋንጫ በምን ዓይነት የተጎዳ ትከሻ አጫውቶህ እንዳመጣኸው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚያ ዛሬ አልጽፍም።

የዚያን ዕለት እራት ላይ "ላይል፣ ማርሴል እኮ ከርቲስ አይደለም" አልኩት።

ሹካውን አስቀመጠ። "አንቺም ጀመርሽ?"

"ጀመርኩ።"

"በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ አሰልጣኝ ሆኗል።"

"እኔ ስለ ሆኪ አይደለም የማወራው።"

ምግቡን ሳይጨርስ ተነሳ።

ሰኞ የቡድኑ ኮሚቴ ጠራው። አባረሩት ብዬ ነበር። ዴኒስ እንደነገረኝ ግን እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ አባትህ ራሱ ቀደማቸው። "በሰው ስንበልጥ የሚሆነውን ከዛሬ ጀምሮ ዴኒስ ይያዘው። እኔ አቅቶኛል" አላቸው። አባትህ "አቅቶኛል" ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም።

ረቡዕ ከሜዳችን ውጭ ተጫወትን። ዴኒስ ማርሴልን ወደ ቀኝ አዛወረው። የመጀመሪያውን ሳተ፤ ሁለተኛውን ከመረቡ ጣሪያ ጋር አገናኘው። ተጫዋቾቹ ላዩ ላይ ተከመሩ። አባትህ የዴኒስን እጅ ጨበጠና ቦታው ተመልሶ ቆመ። ሁሉም ወደ ማርሴል ሲያይ እሱ የሚያየው ወደ ግራ ነበር። ጨዋታውን ለማንኛውም ተሸንፈናል፤ ኮሚቴው ምን እንደሚወስንም ገና አልታወቀም።

አሁን ወጥ ቤት ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ገባ። "ለእሱ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት።

"ጎል አገባን ብለሽ ጻፊለት።"

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "ተዪው፣ እሱን አትጻፊ። እንዴት ነህ ብሎሃል በዪልኝ" አለ።

እንዴት ነህ ብሎሃል።

እግዚአብሔር በምትሄድበት ሁሉ ይከተልህ፤ ከክፉ ሰውም ከክፉ ቀንም ይሰውርህ። የእሱን ስልክ ባታነሳም ለእኔ ጻፍልኝ። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ነው የማነበው።

እናትህ ኖሪን