ለሟቹ አስቻለው

እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ
ግንቦት 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ዳር ላለኸው ለባሌ ለአስቻለው፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ሳሉ ከተወኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ደብዳቤህን ሾፌሩ ኤፍሬም አድርሶልኛል። ለአገሩ እንግዳ ስለሆነ ማን እንደሆንክ አያውቅም። አዝማሪ ቤታችን መከፈቱን ሰምተህ «ማሲንቆዬን ይዤ ልምጣ፣ እንደ ድሮው አብረን እንሥራ» ብለሃል። መምጣት አትችልም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያ በሽታ ሲይዘኝ ለይቶ ማቆያው በር ድረስ አድርሰኸኝ «ምግብ ይዤ እመለሳለሁ» አልከኝ። አሥራ ስድስት ቀን መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ። ምግብ ያመላለሱልኝ እናትህ እማማ የሺ ናቸው፤ በሰባ ዓመታቸው፣ በሐምሌ ጭቃ። «አስቻለውስ?» ስላቸው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ጥር ላይ መንግሥት በበሽታው የተዘጉ የባህል ቤቶችን ሊያስከፍት ነው ተባለና ልመዘገብ ሄድኩ። ቆርቆሮ፣ ወንበርና ድምፅ ማጉያ ይሰጣል፤ ባሎቻቸው በበሽታው የሞቱባቸው ይቀድማሉ አሉ። መዝጋቢው «ባለቤትሽስ?» አለኝ።

«ጎንደር ሞተ። እዚያው ቀበሩት» አልኩት።

አስቤበት አልነበረም። ከአፌ ሲወጣ ግን ደስ አለኝ። በዚያ ጊዜ ስንቱ ያለ ዘመድ ተቀብሯል፤ ማንም አልጠረጠረኝም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እማማ የሺ ዘንድ ደረሰ። ደረታቸውን ሲደቁ አገኘኋቸው። ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬያቸው አለቀስኩ።

በክርስትና ስምህ በገብረ ኢየሱስ ፍትሐት ተደርጎልሃል። እናትህ የቀራቸውን በሬ አርደው ተዝካርህን አወጡ። እኔም በላሁ። ቤቱ ሲከፈት ፎቶህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሹሞቹ ለህሊና ጸሎት ተነሡልህ፤ ከዚያ እኔ ዘፈንኩ። ማሲንቆ የሚመታልኝ ከስማዳ የመጣ አዲሱ የሚባል ሰው ነው። ጣቱ ከአንተ ይፈጥናል።

መጥተህ ብታጋልጠኝ እታሰር ይሆናል። ግን በአገሩ ሰው ፊት የምትናገረውን አስበው፤ «አልሞትኩም፣ ታማ ጥያት ሄጄ ነው» ልትል ነው።

ጥቁር ለብሻለሁ። ሰው አሁንም ላንተ ይመስለዋል። እማማ የሺ ባለፈው ማክሰኞ አረፉ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በሕይወት ነበሩ። ራስጌያቸው ተቀምጬ በልቤ አነበብኩት።

«ከማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ከቢሮ ነው» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። «ጥሎሽ የሄደ መስሎኝ ስረግመው ከርሜ ነበር፤ ለካ ሞቶብሽ ነው። በሕይወት ቢኖር እኮ ይመጣልሽ ነበር» አሉኝ።

ውኃ አጠጣኋቸው። ደግመው አልተናገሩም።

የእርሳቸውን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ያንተንም ነፍስ ይማር።

ባለቤትህ ካሣነሽ