አባባ በአንድ ጊዜ የወሰዳቸው ሦስት መድኃኒቶች

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ሰኔ 9 ቀን

ውድ ወንድሜ ወልደዮሐንስ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት የጉበት ምርመራው ተደግሞ ውጤቱ ጥሩ ሆኗል። ይህን በስልክ ነግሬህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ ዘጋኸው። አሁን የምጽፍልህ ግን በስልክ ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው። ሁለት ጊዜ ልነግርህ ደውዬ፣ ድምፅህን ስሰማ ስለ ዝናቡና ስለ ተማሪዎችህ ጠይቄህ ዘግቻለሁ። በወረቀት ከሆነ መሃል ላይ ወሬ መለወጥ አልችልም ብዬ ነው።

ጥር ላይ አባባን ሆስፒታል ያስገባው አንተ ያመጣህለት ዱቄት ብቻ አይደለም። እኔም መድኃኒት ሰጥቼው ነበር። አንተ ግን ይህን ሳታውቅ ደምቢ ዶሎ ተመለስክ፤ እኔም እንዳታውቅ ዝም አልኩ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጉንፋኑ የያዘው አንተ ለእረፍት ከመምጣትህ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። አቧራው የበዛበት ሰሞን ስለነበር አልገረመኝም። ከምሠራበት ፋርማሲ የጉንፋን ኪኒን ይዤለት መጣሁ፤ ለራስ ምታቱም፣ ለታፈነ አፍንጫውም፣ ለሚያስነጥሰውም የሚሆን፣ ብዙ ነገር በአንድ ላይ የተቀላቀለበት ዓይነት። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ሁለት ሁለት ዋጥ» አልኩትና ባጃጅ እየጠበቀኝ ስለነበር ወጣሁ። ለማላውቀው ደንበኛ እሽጉ ላይ እጽፋለሁ፣ እደግምለታለሁ፣ «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አባቴን አልጠየቅኩትም። ምን እንደሚወስድ የማውቅ መሰለኝ። እውነትም አውቅ ነበር። ለጉልበቱ በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ፓራሲታሞል ይወስዳል፤ እሱንም የማመጣለት እኔ ነኝ። የጉንፋኑ ኪኒን ውስጥም ያው ፓራሲታሞል እንዳለበት የተማርኩት ኮሌጅ ገብቼ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የተማርኩት ነገር በዚያን ቀን ጠዋት ትዝ አላለኝም።

ከዚያ አንተ መጣህ። ጓደኛህ ከውጭ ያመጣልህን፣ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ይዘህለት መጣህ። ሰዓትህን እያየህ በቀን ሦስት ጊዜ ታጠጣው ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠጣ አጠገቡ ተቀምጠህ ትጠብቀዋለህ። እኔ ከሥራ ስገባ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ጥሩ ነገር ነው ብዬ አለፍኩ። ካርቶኑ መስኮቱ ላይ ነበር፤ አንስቼ አላነበብኩትም። ኋላ ሳነበው ፓራሲታሞል የሚለው ሁለተኛው መስመር ላይ ተጽፏል። ከሱ ቀጥሎ ያለው፣ አፍንጫ የሚከፍተው፣ የደም ግፊት ላለበት ሰው የማይመከር ነው። የአባባን ግፊት ደግሞ በየወሩ የምለካው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሦስት ስም፣ ሦስት ማሸጊያ፣ ውስጡ ግን አንድ መድኃኒት። ለጤነኛ ጎልማሳ እንኳ በቀን ከአራት ግራም ማለፍ የለበትም፤ እንደ አባባ ላለ ቀጭን ሽማግሌ ከዚያም ያንሳል። እኔ በኋላ ቁጭ ብዬ ስደምረው ወደ ዘጠኝ ግራም ይጠጋል። ሦስት ቀን ሙሉ። ያውም ምግብ እንቢ ብሎ፣ በባዶ ሆዱ።

በሦስተኛው ቀን ማስታወክ ሲጀምር ሁለታችንም ጉንፋኑ ጠናበት አልን። አንተ አጥብቀህ አጠጣኸው፤ እኔ «ኪኒኑን እንዳታቋርጥ» አልኩት። በማግስቱ ጠዋት አዴ ሌንሳ ልትጠይቀው ገባች። «አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርክ፣ ቂርቆስ» ብላ ወደ በሩ ብርሃን ዞር እንዲል አደረገችውና አተኩራ አየችው። ከዚያ ወደኛ ዞራ፣ «ልጆች፣ ዓይኑን አይታችሁታል? ቢጫ ሆኗል እኮ» አለች። ጎረቤት ያየውን እኛ አብረነው አድረን አላየንም።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ «ምን ምን ወስዷል?» ሲል የሆነውን ታስታውሳለህ። አንተ ከጃኬትህ ኪስ ካርቶኑን አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ። «ይኸን እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ በቀን ሦስት ጊዜ» አልክ። ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም። ሐኪሙ አነበበውና ወደኔ ዞረ።

«ሌላስ?»

«ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይወስዳል» አልኩ።

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

የጉንፋኑ ኪኒን የተረፈው እሽግ በዚያች ሰዓት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አባባ አልጋ አጠገብ ያገኘሁትን አንስቼ ከትቼዋለሁ። ለምን እንደከተትኩት ብትጠይቀኝ፣ ስከተው ለማሳየት ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ግን ከኋላው ድርቤ ቆማለች። አብረን የተማርነው ድርቤ፣ አሁን እዚያ ነርስ የሆነችው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ዘርትሁን ታውቃለች» እያለ መድኃኒቱን ይዞ ወደኔ ሲመጣ ታውቃለህ። «ለገዛ አባቷ መድኃኒት ደራርባ ሰጠችው» ሲባል ታየኝና አፌ ተዘጋ።

አንድ ነገር ብቻ አደረግሁ። አንተ ካርድ ልታወጣ ስትሄድ ድርቤን ኮሪደር ላይ ጠበቅኳት። እሽጉን ሰጥቻት ስንት ስንት እንደወሰደ ነገርኳት። አላፈጠጠችብኝም። «ጥሩ አደረግሽ፤ ስንቱን እንደወሰደ ማወቅ ለሕክምናው ያስፈልጋል» ብላ ወደ ሐኪሙ ገባች። ጉበቱን የሚያግዘውን መድኃኒት በግሉኮስ ወዲያው የጀመሩለት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር። ያላወቅከው አንተ ነህ። ድርቤን «ለወንድሜ እኔ እነግረዋለሁ» ብያት ነበር።

ስምንት ቀን ተኛ። ከስምንቱ ሦስቱን ቀን አንተ ከአልጋው ሥር አልተነሳህም። ከዚያ አዴ ሌንሳ ምሳ ይዛ መጥታ፣ ክፉ ሳታስብ፣ «ይኼ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ሰው ይጨርሳል። ልጅ አባቱን በገዛ እጁ...» አለችና አንተን አይታ አቆመች። እኔ ሳህኑን እያቀበልኩ ነበር። ያኔ «እኔም ሰጥቼዋለሁ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። አንተ ተነስተህ ወጣህ። በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ሊጀመር ነው ብለህ ሚኒባስ ተሳፈርክ። ትምህርት ሊጀመር ገና አንድ ሳምንት እንደቀረው አውቅ ነበር።

ለፋሲካ አልመጣህም። ለአባባ ሸሚዝ ስትልክ እንኳ «ይህ ይጎዳው ይሆን?» ብለህ የጠየቅከኝ ጊዜ፣ ስለ ሸሚዝ፣ ያን ዕለት ማታ እራት አልበላሁም። ይህንንም በስልክ አልነገርኩህም።

አሁን የጻፍኩልህ ባለፈው ቅዳሜ ከጉቴ በመጣች አንዲት ሴት ምክንያት ነው። የስምንት ወር ልጅ አዝላለች። ልጁ አፍንጫው ተዘግቶ ያለቅሳል። ከቦርሳዋ የሳል ሽሮፕ አወጣች፤ የታላቁ ልጇ ነው፣ ሲሶው ተርፏል።

«ከዚህ ግማሽ ማንኪያ ብሰጠው ይሆናል?» አለችኝ።

ጠርሙሱን አነበብኩት። ለትኩሳት፣ ለንፍጥ፣ ለሳል፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ንፍጡን የሚያደርቀው እንቅልፍ ያመጣል።

«ዛሬ ሌላ የሰጠሽው አለ?» አልኳት።

«ጠዋት ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ሽሮፕ።»

«እዚህ ውስጥም ያው ነው ያለው። ይደራረብበታል። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቅልቅል በሱ ዕድሜ አይሰጥም፤ መጠኑ ቢቀነስም። ትንፋሹን ሊያደክመው ይችላል።»

«ታዲያ ባዶ እጄን ልመለስ?»

«አፍንጫውን የምታጸጂበት የጨው ውሃ ጠብታ ልስጥሽ። ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢው። ማር አታቅምሺው፤ ዓመት አልሞላውም። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይ ጡት እንቢ ካለ፣ ነገ አትበዪ፣ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።»

ሴትየዋ አላመነችኝም። ልትሸኘኝ ነው ብላ ያሰበች ይመስለኛል። ዓይኔን እያየች፣ «ለራስሽ ሰው ቢሆን እንዲህ ትዪው ነበር?» አለችኝ።

ጠብታውን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ስንት ጊዜ እንደምትጠቀም ጽፌበት ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ ግን ሥራ መሥራት አቃተኝ።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስን በኋላ ለአባባ ነገርኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የደንበኛውን የኦቦ ደረሳን ሱሪ ጠርዝ እየሰፋ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ኪኒኑን፣ ቦርሳዬን፣ ድርቤን፣ የአንተን አወጣጥ። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ።

«ሦስቱንም የዋጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ የሰጠሽኝን ለሱ አልነገርኩትም። ልጄ ከሩቅ ይዞልኝ መጥቶ፣ 'እህትህ ሰጥታኛለችና መልሰው' ልበለው? ቅር ይለዋል ብዬ ነው። የሱንም ላንቺ አልነገርኩሽም፤ 'የኔን ትቶ የሱን' ትያለሽ ብዬ። መድኃኒት አይደል፣ ቢበዛ ቶሎ ያድናል መሰለኝ።»

«እኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነው» አልኩት።

«ነበረብሽ» አለ። አላባበለኝም። ከዚያ፣ «ወልዴ ስልክ የሚያሳጥረው ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ነበር የምጽናናው። ለካ ልጄ አምስት ወር ሙሉ 'አባቴን ልገድል ነበር' እያለ ነው የሚተኛው። ዘርቱ፣ ለኔ መንገርሽ ደግ ነው፤ የተበደለው ግን እሱ ነው» አለኝ።

ከሱ ተነስቼ ወደ አዴ ሌንሳ ሄድኩ። በቆሎ እየፈለፈለች ነበር። ስነግራት እጇን አቆመች። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ እኔስ በስንት ሰው ፊት አወራሁት» አለች። «የነገርሻቸውን ሁሉ እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ» ስላት፣ «አይ፣ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ የኔን እኔ አስተካክላለሁ» አለችኝ። ሰሞኑን ከቤት ቤት ስትዞር ነው የከረመችው። ፋርማሲ ድረስ መጥተው በትዝብት ያዩኝ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ይሁን። መድኃኒት መጠየቃቸውን ግን አልተዉም፤ አንዷ እንዲያውም የባሏን ኪኒኖች በሙሉ በፌስታል ጠቅልላ አምጥታ «እስኪ የሚደራረብ ካለ እይልኝ» አለችኝ። ሁለቱ ኪኒኖች ውስጣቸው አንድ ሆኖ አገኘሁት።

በቤታችን አሁን ያለውን ደንብ እንድታውቀው ልጻፍልህ። አባባ የሚወስደው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ የንግድ ስሙ ሳይሆን ውስጡ ያለው፣ መጠኑና ሰዓቱ። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጉንፋን ሲይዘው የሚያስቸግረውን አንዱን ነገር ብቻ እናክማለን፤ ሳል ብቻ ከሆነ ሳሉን። ብዙ ጊዜ ሙቅ ነገርና እረፍት ይበቃዋል፤ ጉንፋን በራሱ የሚያልፍ ነው፣ መድኃኒቱ ስሜቱን ነው የሚያቀልለት። ማንም ሰው፣ አንተም ብትሆን እኔም ብሆን፣ ሳይጽፍ አንድ ፍሬ አይሰጠውም። ወረቀቱ ላይ ከኔ ጽሑፍ ሥር ላንተ የሚሆን ባዶ ቦታ ትቻለሁ። የምልህ ይገባሃል ብዬ አስባለሁ። አባታችንን መንከባከብ አቁም አላልኩህም።

ይቅርታ ጠይቄህ ወዲያው እንድትመልስልኝ አልጠብቅም። ብትቆጣ መብትህ ነው፤ ቁጣህን ጻፍልኝ፣ አነበዋለሁ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ትምህርት ሲዘጋ ና። አባባ አንተን ሲያይ ምን እንደሚል እሱ ራሱ ይንገርህ እንጂ እኔ አልቀድመውም።

አንተ አባትህን ልትገድል የነበርክ ልጅ አይደለህም። የሰጠኸውን በሐኪም ፊት አውጥተህ ያሳየህ ልጅ ነህ። ያላሳየሁት እኔ ነኝ።

እህትህ
ዘርትሁን ቂርቆስ