የኮሮላዬ ሊንክና የአባባ ዓይን

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬም ማርቆስ–አማኑኤል ደርሶ መልስ። ሙሉ ቀን ሳስተምር ውዬ ድምፄ ተዘጋ። የኮሮላዬ ድምፅ ግን አይዘጋም። ከፊት፣ በግራ ጎማ በኩል... ቋ ቋ ቋ። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር።

ታየች፣ አብራኝ የምትመላለሰው የሒሳብ መምህርት፣ "የብርጓል፣ መኪናሽ ጥርሷን ታፋጫለች" አለችኝ። ሳቅን። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። ጥገና ይሏል ይሄ ነው!

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

የዓይን ሐኪሙ ደወለ። ለአባባ ቀን ተያዘላቸው፤ ኅዳር 8፣ እዚሁ ማርቆስ። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ይገፈፋል፤ ግራው ከጠፋ ቆይቷል። "ጥሩ ተስፋ አለው" አለኝ።

ወዲያው አባባ ወዳሉበት ቁይ ደወልኩ።

"አባባ፣ ቀን ተገኘ! መጥቼ እወስድዎታለሁ።"

"በምን?"

"በመኪናዬ ነዋ።"

"በዚያች? ቢቀርስ።"

ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ፣ ተማሪ ሁሉ የሚፈራቸው መሪጌታ ዘማርያም የልጃቸውን መኪና ፈሩ። አልፈርድባቸውም። በሰኔ ለምርመራ ሳመጣቸው በየኩርባው አስመለሳቸው። "አንቺ ኩርባውን ታዪዋለሽ። እኔ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ድንገት ስትጋደም ገደል የገባን ነው የሚመስለኝ" ብለውኝ ነበር። የሚንቋቋው ነገር ደግሞ ተሰብሮ ሊወድቅ ነው ብለው ሲጸልዩ ነው የደረሱት።

አውቶቡስ? እሱ የባሰ ነው። ለመኪና ተብሎ ዓይን ይቅር? አይደረግም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ጋራዥ ዋልኩ። መካኒኩ አንሙት በክሪክ አነሳት፣ ጎማውን ፈታና ጠራኝ። ንዝረት ከሚያበርደው አሞርዛተር ጎን የቆመች አጭር ዘንግ አሳየኝ፤ ሁለት ጫፏ ላይ የምትዞር ኳስ አላት። ጨብጦ ሲያነቃንቃት... ቋ ቋ።

"ይቺው ናት ጉደኛዋ። የስታብላይዘር ሊንክ። ኳሷ አልቋል።"

"ሥራዋ ምንድን ነው?"

"ግራና ቀኙን ጎማ የሚያያይዝ ብረት አለ፤ ኩርባ ላይ መኪናዋ እንዳትጋደም የሚያደርግ። ይቺ እሱን ይዛ የምታቆም ናት።"

ለካ የሚንቋቋውም የሚያጋድማትም አንድ ነገር ነው! አባባ የጠሉት ሁሉ እዚያች ዘንግ ላይ ተሰብስቦ...

"የግራና የቀኙን ሁለቱንም ፈትቼ ልጣልልሽ? ብዙ ሰው ያለሷ ነው የሚነዳ።"

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? እንጃ። ቸኩዬ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ድምፁ ጠፋ! ከተማውን እስክወጣ እያንጎራጎርኩ ነዳሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ኩርባ መጣ... መኪናዬ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተኛች። ታየች በሩን ጨምድዳ "በስመ አብ!" አለች። ከዚያ በኋላ በኤሊ ፍጥነት። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ነፋብን።

አባባን በዚህ ላመጣ? በፍጹም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ደመላሽ ነገሩን ከሰማ ወዲህ ስልኩ ላይ ተተክሏል። ባሌ ቪዲዮ ካየ አለቀ።

"ፋብሪካ የሠራውን እርሺው የብሬ። እንደፈለጉ የሚረዝም የሚያጥር ሊንክ አለ፤ የውድድር መኪና ላይ የሚገጥሙት!"

"እኔ ከማን ልወዳደር? ከባጃጅ?"

አልሰማኝም። ለካ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛውን ቀድሞ ልኮታል። ዛሬ ማታ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ... እውነት ለመናገር ያምራል። አመሰገንኩት። ደስ ብሎት ሲዞር አመሸ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

አንሙት ቀዩን አገላብጦ አየው።

"ለአስፋልት ቆንጆ ነው። ግን እይው፣ መገጣጠሚያው ብረት በብረት ነው፤ ሽፋን የለው። የቁይ አቧራ ከገባበት ትንሽ ቆይቶ ይንቋቋል።"

"አንተስ? ፈትተህ ጣልከው አይደል!"

ሳቀ። "እሱስ አጠፋሁ።"

አብረን መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ምናለ የሚባለው ባለሱቅ ያለውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንዱ ከሌላ መኪና የተፈታ ነው፤ ጠንካራ ነበር፣ የኳሱ ላስቲክ ግን ተሰነጣጥቋል። ሌላው አዲስ፣ ዘንጉ ፕላስቲክ። ስጨብጠው እንደ መጫወቻ ቀለለኝ፤ መለስኩት። ከዚያ ወፍራም ብረት፣ ኳሱ በላስቲክ በደንብ የተሸፈነ፣ ግራሶ መስጫ ያለው አመጣ። ልቤ እዚህ ላይ አረፈ። አቧራው አይገባም፤ ሲደርቅ ግራሶ ይሰጠዋል። በየቀኑ ለምትሠራ መኪና ሌላ ምን ይፈለጋል?

ሳልጥል የያዝኳትን አሮጌዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። አዲሱ አጠር አለ! ትንሽ፣ ግን አጠረ።

"ይገጥማል፣ ግድ የለሽም" አለ ምናለ።

"ይገጥማል ወይስ ልኳ ነው?"

አየኝ። አየሁት። መሰላል ላይ ወጥቶ ሌላ ካርቶን አወረደ። አሠራሩ ያው፣ ርዝመቱ ከአሮጌዋ እኩል። ኳሱን በጣቴ አዞርኩት... ጠበቅ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ ዞረ።

ግራና ቀኝ፣ ጥንዱን ያዝኩ። አሁን ለደመላሽ ምን ብዬ ልንገረው?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ነገርኩት። አኮረፈ። ምሳውን ግን ጥርግ አድርጎ በላ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ተገጠመ! ደመላሽ ሳይጠራ ጋራዥ መጣ። "ዝም ብዬ ላይ ነው" አለ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ መኪናዋ ሥር ከአንሙት ጎን ተጋድሟል፤ ሸሚዙ ግራሶ በግራሶ። የመጨረሻዋን ዳዶ እኔ አጠበቅኳት።

ወደ ቤት ስንነዳ፣ "ያንቺ ይሻላል... ለዚህ አገር" አለኝ። "ለዚህ አገር" የምትለዋን ባይጨምራት ሞቶ ነበር።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

መኪናዬ ዝም አለች። ኩርባው ላይ ቀጥ ብላ አለፈች። ታየች እንቅልፍ ወሰዳት፣ አፏን ከፍታ!

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

"አባባ፣ መኪናዬን አሳከምኳት።"

"ከእኔ አስቀድመሽ?"

"ለእርስዎ ብዬ ነው እኮ! አንድ ኩርባ ብቻ ይሞክሯት። ካልተመቸዎት እዚያው እመልስዎታለሁ።"

ከኋላቸው የተማሪዎቹ የቅኔ ድምፅ ይሰማል።

"አንድ ኩርባ" አሉ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ቁይ በጠዋት ደረስኩ። አባባን ሁለት ተማሪዎች ደግፈው አመጧቸው። ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው። ከጣሪያው በኩል ያለውን እጀታ ጨበጡና ዳዊታቸውን ጀመሩ። በቃላቸው፣ ሳያቋርጡ።

ወደ መጀመሪያው ኩርባ ስንቃረብ ፍጥነት ቀነስኩ። መሪውን ቀስ አድርጌ አዞርኩ። ከዚያ ተስተካከልን፤ ኮረኮንቹ ላይ ጎማው ብቻ ይንኮሻኮሻል።

"አባባ፣ እንዴት ነው?"

"ኩርባው መቼ ነው የሚመጣ?"

"አለፍነው እኮ።"

"መቼ?"

መልሴን ሳይጠብቁ ዳዊቱን ቀጠሉ። እጀታውን ማርቆስ እስክንገባ አልለቀቁትም፤ ዳዊቱንም። ግን አላስመለሳቸውም። አንዴም!

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ገቡ። ወጡ። ዓይናቸው ታሽጓል። ደመላሽ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዞኝ ዋለ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ተከፈተ።

ነርሷ ፋሻውን ስታነሳ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ፣ እንደገና ጨፈኑ። ከዚያ ዝም ብለው አዩኝ... አዩኝ...

"የብርጓል። ሸብተሻል እኮ!"

"አዎ አባባ።"

"ማንን አስፈቅደሽ?"

ሳቅኩ። አለቀስኩ። እሳቸውም ሊያለቅሱ ሲሉ ነርሷ "እንባ የለም!" ብላ ተቆጣች፤ ሁለታችንም እንደ ተማሪ ዝም አልን።

ስንወጣ ኮሮላዬ አጠገብ ቆሙ። "ይቺ ናት? ነጭ ናት እንዴ! በድምጿ ጥቁር ነበር የመሰለችኝ።"

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ ፈቀደ፤ አባባን ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። መንገድ ላይ ሦስቴ አስቁመውኛል። የጤፍ ክምር ለማየት፣ ፈረስ ለማየት፣ አንዴ ደግሞ ለምንም... ብቻ ለማየት።

ቁይ ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ተማሪዎቹ ጉልበታቸውን ሳሙ። አባባ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ "አንተ ነህ? እንዲህ ረዘምክ?" ይላሉ። ልቤ ሞልቶ ልሰናበት ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ። ጎረቤቴን እማሆይ ወለተ ሚካኤልን ሐኪሙ ጋ አስመዝግቢልኝ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ነው። አባ የኋላሸትም አሉ። አንቺ ታመላልሻቸዋለሽ ብያለሁ።"

"አባባ! ሳይጠይቁኝ?"

"አንቺስ ስትሸብቺ ጠይቀሽኝ ነበር?"

ምን ይባላል? እሺ አልኩ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል በዘንግ እየዳበሱ መጥተው የመኪናዬን በር ነኩ።

"መሪጌታ፣ ይቺ ነገር አታንገላታም? እኔ መኪና ያጥወለውለኛል።"

አባባ ደረታቸውን ነፉ።

"ኧረ ምን በወጣዎ! እኔ ማርቆስ እስክደርስ ተኝቼ ነው የሄድኩ።"

አየኋቸው። በቀኝ ዓይናቸው መልሰው አዩኝ።