እጀታው ረዘም ያለው መፍጫ

ከአባባ ቤት፣
የእማዬ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን

ውድ ታላቅ እህቴ፣

ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጆቹስ በረቱ? የሴቡ ደሴት ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል እንነሳለን፣ እንውላለን፣ እንተኛለን ማለቴ ነው። ከቀብሩ ጀምሮ አንዴም አላለቀስኩም፤ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ጎረቤታችን እትዬ ፑሪንግ እንኳ ሽንኩርት ስከትፍ አግኝታኝ፣ እሰይ፣ ወጣልሽ አለችኝ።

ስትሄጂ ወደቡ ላይ ሁለት ነገር ብለሽኝ ነበር። አንዱ፣ የእማዬን የቡና መፍጫ ላኪልኝ ያልሽኝ ነው። ሌላው፣ ሐኪሙ ጡንቻዋን ያሰለለው በሽታ ከጀመራት ሁለት ዓመት አልፎታል ብሏል፣ አንቺ እዚያው ግቢ እየኖርሽ እንዴት አላየሽም ያልሽኝ። ያኔ አኩርፌ ዝም አልኩሽ። አሁን ኩርፊያውም የለም፣ ምንም የለም፤ ስለዚህ ልንገርሽ።

አባባ ጠዋት ቡና የፈሰሰበት ሩዝ ካልሆነ አፋቸውን እንደማይከፍቱ ታውቂያለሽ። ከእማዬ ወዲህ ደግሞ ሌላውን ምግብ ሁሉ ትተውት ነበር፤ የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። በዘጠኙ ቀን ጸሎት ለእንግዳ ቡና ስንፈጭ እትዬ ፑሪንግ የመፍጫውን እድፍ አየችና፣ ጉድ እኮ ነው፣ ሰው ምን ይለናል ብላ ፈታታችው። በሳሙና አጥባ፣ ፍቃ፣ መልሳ ስትገጥመው ከኋላ ያለችውን ዳዶ ባለ በሌለ ኃይሏ አጠበቀቻት። ደግ የሠራች መስሏት ነው፣ ምን ይባላል።

በማግስቱ ፈጭቼ አፈላሁና የአባባ ሩዝ ላይ አፈሰስኩ። አንድ ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ገፉት። ይሄ የእሷ አይደለም አሉ። ዳዶዋን ሩብ ዙር አላላሁ፤ ገፉት። መልሼ አጠበቅኩ፤ ገፉት። ባራኮ ቡናውን ከሌላ ነጋዴ ገዛሁ፤ እሱንም ገፉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀበቷቸውን ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገቡ። አባባ፣ በሞቴ፣ ለእኔ ሲሉ ብላቸው፣ የቀመስኩት እኮ ለአንቺ ስል ነው አሉኝ።

የእማዬ ቡና ምን ምን እንደሚል ላስታውስ ብዬ ቁጭ አልኩ። አላውቀውም። እኔ ወደ ሥራ ስሮጥ የፓኬት ቡና በጥብጬ ነው የምወጣው። ከማድቤቷ ሠላሳ እርምጃ ላይ እየኖርኩ፣ ስንት ዓመት ሙሉ።

ጥርሱ አልቆ ይሆናል አልኩና አዲስ ልገዛ ሊፓ ገበያ፣ ጋሽ ካሊስቶ ሱቅ ሄድኩ። ሽማግሌው ስድስት መፍጫ ደርድረው ትምህርት ጀመሩልኝ። በመልክ አትምረጪ፣ በመልክ የመረጥሽው ባልሽ የት አለ አሉኝ፤ እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ዘንጉን ይዘሽ ነቅንቂው፣ ከተወዛወዘ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ጠጠር ሆኖ ይወጣል አሉ። ጥርሱን በጥፍርሽ ዳስሺው፣ ጥፍርሽን ካልላገው ቡናውንም አይቆርጠውም። ከዚያ ዳዶውን ጥርስ ከጥርስ እስኪነካካ አጥብቂና ትንሽ በትንሽ እየመለስሽ ልኩን ፈልጊ። ሲጠብቅ ይልማል፣ ግን ክንድ ይጨርሳል፤ ሲላላ ለእጅ ይቀላል፣ ግን ይሻክራል።

እጀታው ረዘም ያለውን አነሳሁ። እሱን እናትሽም መርጣው ነበር አሉኝ። መቼ ብላቸው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል አሉ። እጇን ለሚያማት ጎረቤቴ ነው ብላ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ስታዞረው ቆየች፤ በመጨረሻ ግን፣ ይዤው ብገባ ልጆቼ ለምን ብለው ይጠይቁኛል አለችና ትታው ሄደች። ለመሆኑ ጎረቤቲቱ ተሻላት አሉኝ። እጇን የሚያማት ጎረቤት የለንም፤ እትዬ ፑሪንግ እንደሆነች በሬ ትጥላለች። ደህና ናት አልኳቸውና ገዝቼ ወጣሁ።

አዲሱ መፍጫ ሸጋ ነው፤ ቡናውን እንደ ፊት ፓውደር ያልመዋል። አባባ ገፉት።

የአርባው ዕለት ጠዋት ለሚመጣው ሰው ሁሉ በሁለቱም መፍጫ ስፈጭ ክንዴ አለቀ። የአባባ ተራ ሲደርስ የአሮጌውን እጀታ መግፋት አቃተኝ። እንዲቀለኝ ዳዶዋን አላላሁ። አሁንም ከበደኝ፣ አሁንም አላላሁ። ሦስት ዙር ሙሉ። የወጣው ነገር የተሰባበረ ሩዝ እንጂ ቡና አይመስልም። ዛሬስ ሳህኑን ብቻ ሳይሆን እኔንም ይገፉኛል እያልኩ አፍልቼ አፈሰስኩላቸው።

በሉት። ቅንጥብጣቢው በጥርሳቸው መሀል ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ሳህኑን ጠርገው ሲያበቁ፣ አዎ፣ ይሄ የእሷ ነው አሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው አልኳቸው። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ እየቆየ ጨመረ አሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ ጥርስ አለኝ፣ አኘክኩት አሉኝ። ከዚያ ሳህኑን እንድጨምርላቸው አቀረቡ።

እህቴ፣ ወደቡ ላይ ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው ነው። አላየሁም። ማየት ቀርቶ አልቀመስኩትም። አሁን ፓኬቱን ትቼ በየጠዋቱ ከአባባ ጋር አኝካለሁ፤ ጣዕሙ ግን ገና አልመጣልኝም።

አሮጌውን አልልክልሽም፤ አባባ የሚበሉት በእሱ ነው። ዳዶዋን ባለችበት በቀይ ክር አስሬያታለሁ፣ እትዬ ፑሪንግንም ሁለተኛ እንዳትነካው አስምያታለሁ። በዚህ ካርቶን ያለው አዲሱ ነው። ይሄማ የእማዬ አይደለም እንዳትይኝ፤ ለጎረቤቷ የመረጠችው ነው። እጀታውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ አዙሪው። በጣም ይቀላል።

እመቤታችን አንቺንም ልጆቹንም በጥላዋ ትያዝልኝ፤ እግዜር በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ስለ ጉልበትሽ ደግሞ ደህና ነው ብለሽ አትጻፊልኝ። ደረጃ ስትወጪ ስንት ጊዜ እንደምትቆሚ ቆጥረሽ ጻፊልኝ።

ታናሽ እህትሽ