የኮልማን አሥረኛ ዜማ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ጠዋት ዝናብ። ዶሮዎቹ አልወጡም። ዳቦ ምድጃ ከትቼ ድንች ስልጥ ፌስቲ መጣ። በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ከልጄ ከኮልማን ጋር አርባ ዓመት አኮርዲዮን የተጫወተ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ካልቆጡት አያወልቅም። ያኔ ገባኝ።

"እማማ ዴልያ፣ ይቀመጡ።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

ፈረንሳይ አገር፣ ብሬታኝ... ኮልማን ትናንት ተጫውቶ ጨርሶ፣ ዋሽንቱን ጠራርጎ ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ።

"ጥሩ ተጫውቶ ነበር?" አልኩት። ለምን እንደዚያ ብዬ ጠየቅሁ?

"በጣም ጥሩ።"

ዳቦው አረረ። ፌስቲ ያረረውን ቅቤ ቀብቶ በላው። ሌላ የሚያደርገው ቢጠፋው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 15

ቀበርነው። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። እኔ ሰማንያ አራት። ተራው የማን ነበር?

ውሻው የኮልማን ወንበር ላይ ወጥቶ አልወርድ ብሏል። ስሙ ጳጳስ ነው። ስም ያወጣለት ኮልማን፤ ሰውን ሁሉ የሚታዘብ ፊት አለው ብሎ። ቄሱ ሊያጽናኑኝ ሲመጡ መቀመጫ አጥተው ቆመው ሻይ ጠጡ። "ጳጳስ፣ ውረድ" ማለት እሳቸው ፊት አፈርኩ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 19

ልጄ ኡና ከጎልዌይ ከተማ መጣች። የወንድሟን ገጽ በስልኳ ከፍታ አነበበችልኝ። ለብቻው ለሚያወጣው አልበም በኢንተርኔት ከሰው ገንዘብ ሲያሰባስብ እንደነበር አውቃለሁ። "አንጋፋው የኬልት ሙዚቀኛ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ብቻውን" ይላል። ኬልት የሚለው እኛን አይሪሾቹን ነው። ካልሲውን ራሱ የማያጥብ አንጋፋ የለም ብዬው ነበር፣ ገና በደህናው ጊዜ። ስቆ ካልሲውን ትቶልኝ ሄደ።

የማላውቀው ለሰዎቹ የገባውን ቃል ነው። ትንሽ ላዋጣ፣ አልበሙ። ጨመር ላደረገ፣ "እናቴ የጋገረችው ዳቦ በፖስታ"። ከዚያ በላይ ለሰጠ፣ ማንም የማያውቀው ዜማ ያስተምረዋል። ከሁሉም በላይ ለሰጠ ዜማውም ምሳውም፤ "እሑድ፣ በእናቴ ቤት"።

"እማዬ፣ ጠይቆሽ ነበር?"

"አልጠየቀኝም።"

"ስንት ዳቦ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አርባ አንድ።"

ችግሩ ዳቦው አይደለም። ቃል የገባው አሥር ዜማ ያለው አልበም ነው። ዘጠኙን እዚሁ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቀርጿል። አሥረኛውን ከብሬታኝ ስመለስ ብሎ ሄደ... ኡና "ገንዘባቸውን እንመልስላቸውና ይብቃ" ትላለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ስሙ የሰው አልበም ጀርባ ላይ ነበር፣ በደቃቅ ፊደል፣ አራተኛ ወይ አምስተኛ። መነጽር አድርጌ ነበር የምፈልገው። እስከ ፋሲካ ታገሺኝ አልኳት። ፊቷን ቋጥራ እሺ አለች።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 27

ዳቦ። ዳቦ። ዳቦ። ክርኔን አመመኝ።

ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ "ውስጡ ምንድን ነው?" አለች። ዳቦ። "ለማን?" ጃፓን ላለ ሰው። "ዘመድዎ ነው?" አላውቀውም። ቀና ብላ አየችኝና ቴምብሩን ለጠፈች።

ሊጡን እያሸሁ አለቀስኩ። ዛሬ ጨው አልጨመርኩበትም።

እሑድ፣ ማርች 3

ፌስቲ አሥረኛውን ዜማ አውቀዋለሁ ብሎ መጣ። መጀመሪያውን ተጫወተ። እሱ ነው፣ ኮልማን ዶሮ ሲቀልብ የሚያፏጨው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ወደ ሠርግ ዘፈን ገባ። እንደገና ጀመረ። አሁን ደግሞ ሌላ።

"ፌስቲ፣ ይሄ የሳሙና ማስታወቂያ ነው።"

"ይመሳሰላሉ እኮ፣ እማማ።"

ኮልማን ኖታ ጽፎ አያውቅም። እዚህ ማንም አይጽፍም፤ በጆሮ ነው የሚቀባበሉት። ጆሮው ሲቀበርስ... ተውኩት።

እሑድ፣ ማርች 10

ምሳውን የገዛው ሰው መጣ። ዮስት ይባላል። ሆላንዳዊ ነው፣ የጥርስ ሐኪም፣ በጣም ረጅም። ሲገባ ግንባሩን ከበሩ ጋር አጋጨው። ሽንት ቤት ሊሄድ ሲወጣም አጋጨው። አትምጣ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ? ኮልማን ቃል ገብቶለታል። የበግ ጥብስና ድንች አቀረብኩ። ኡናም ፌስቲም ነበሩ። ፌስቲ በሳቀ ቁጥር ዮስት ጥርሱን እያየ ያዝናል።

ከምሳ በኋላ ዋሽንት አወጣ። ኮልማን ያስተማረኝን ልጫወትላችሁ አለ። የታመመች ዝይ ነው የሚመስለው። ግን ፌስቲ ማንኪያውን አስቀመጠ። እሱ ነው። አሥረኛው። ወደ ሁለተኛው ክፍል ገባ፤ ሠርግም የለ፣ ሳሙናም የለ። መሃል ላይ ግን ድንገት ዋሽንቱን ከአፉ አነሳና፣ በእኛው በአይሪሽ ቋንቋ፣ ጮክ ብሎ፣

"ጳጳስ፣ ከወንበሩ ውረድ።"

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቀጠለ።

ሲጨርስ ኡና "ምንድን ነው ያልከው?" አለችው።

"ኮልማን እንደዚህ ነው የሚጫወተው። የላከልኝን ሦስት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ትርጉሙን ግን አላውቅም... ጸሎት አይደለም?"

ኡና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ፌስቲን ትን አለው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

"የላከልህ አለ?" አልኩት።

ቅጂውን ከፍቶ ስልኩን ድንቹ አጠገብ አስቀመጠ። ልጄ ነፋ። ትንፋሹ ይሰማል። የኔ ሰዓት ይሰማል፣ የኔ ማንቆርቆሪያ። ከዚያ ድምፁ... ጳጳስ፣ ከወንበሩ ውረድ።

ዮስት ሲለው ጆሮውን እንኳ ያላነሳው ውሻ ተነሳ። ወረደ። ሄዶ በሩ ሥር ተኛ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ።

ያኔ ማንም አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ማርች 12

ኡና ገንዘብ ስለመመለስ ማንሳት ትታለች። አሁን ክርክሩ ሌላ ነው። ፌስቲ ዮስት ከተወልን ቅጂ ላይ ጩኸቱን በማሽን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል ይላል። አይቆረጥም አልኩ።

"እማማ ዴልያ፣ ውሻ መቆጣት እኮ ሙዚቃ አይደለም።"

"ያንተ አኮርዲዮንስ?"

ኡና ከኔ ጋር ናት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ከአውስትራሊያ ደብዳቤ። ዳቦው ደርሷል። በር እንዳይዘጋ ደግፈንበታል፣ በታላቅ ክብር፣ ይላል።

ረቡዕ፣ ጁን 5

አልበሙ መጣ። ፊቱ ላይ አንድ ስም ብቻ። ኮልማን ፎላን። ያለ መነጽር አነበብኩት።

ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩና ዘጠኙን ሰማሁ። አሥረኛው ላይ ጳጳስ ቀና አለ፤ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ተኛ። እሱ ወርዷል፤ አሁን ተራው የኔ መሰለው ይሆን?

ውስጡ የሚታተመውን ቃል እኔ እንድጽፍ ኡና አዝዛኝ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እዚህም ልገልብጠው።

"ይህን ለምትሰሙ ሁሉ። ኮልማን ልጄ ነው። ቃል የገባላችሁን፣ ዳቦውንም ጭምር፣ እንደ አቅሜ አድርሻለሁ። አሁን እኔ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሥረኛው ዜማ መሃል ላይ ይቆማል። ውሻው እስኪወርድ ነው። አጭር ነው፤ ለክቼዋለሁ። 'እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር' ለማለት ግን ይበቃል። እዚያ ላይ በሉለት። ከዚያ እሱ ይቀጥላል።"