የአፍ ወለምታ በቃዲው ፊት

ልጄ ሙንተሲር፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፣ ከሰው ክፋት ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቀይዋ ላም ወልዳለች፣ ገብሱም አምሯል፤ ጉልበቴ ብቻ ብርዱን አልቻለም።

ሚስትህ ፈይሩዛ ፍቺ ጠይቃለች። አልፈርድባትም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከየመን ከደወልክ ወዲህ ስንት ዓመት በር በሩን ስታይ ኖረች። ትናንት አሰላ ሄደን ቃዲው ፊት ቀረብን። "ቁርኣኑንም ሐዲሱንም አየሁ፤ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ስለጠፋ ባል ቁርጥ ያለ ቃል አላገኘሁም። ዑለሞችም አልተስማሙበትም። አላህን ፈርቼ በራሴ ኢጅቲሃድ፣ አመዛዝኜ መፍረድ ነው የቀረኝ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "እናቱ፣ ልብዎ ምን ይላል? በሕይወት አለ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አለ" ልል ነበር። አፌ ግን "ልጄ፣ አላህ ይዘንለት" አለ። ለሞተ ሰው የሚባለውን! "ይጠብቀው ማለቴ ነው!" ብዬ ብጮህም ፈይሩዛ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች፤ ቃዲውም አንገታቸውን ደፉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ።

ፍርዱ ከአረፋ በኋላ ነው። ደብዳቤውን ጅዳ የሚሄደው የጎረቤታችን ልጅ አክመል ይዞታል፤ ያገኘውን የአርሲ ልጅ ሁሉ እየጠየቀ ይፈልግሃል። ከደረሰህ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ደውለህ እንደ ልጅነትህ "ሀርሜ"፣ እናቴ ብለህ ጥራኝ፣ ቃዲው ይስሙህ።

አላህ ይጠብቅህ። ይጠብቅህ። ይኸው፣ አሁን አልተሳሳትኩም።

እናትህ ፋጡ